መርከቦቹ ዝም ያሉ ጊዜ (የፖድካስት ውይይት)

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ሦስት ጉዳይ ይዘናል፤ ሦስቱም ስለ ውቅያኖስ ሕይወት የተሠሩ ጥናቶች ናቸው። የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋያማ ሠፈር፣ እና ሙቀቱ፤ የጥልቅ ባሕር ማዕድን፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪና የመርከብ ድምፅ። ሔለን፣ ከኮራሉ እንጀምር?

ሔለን፦ ከዓሣ ነባሪው እንጀምር፣ በናትህ። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት።

ብሩክ፦ እሺ። ቶሎ ጨርሰን ወደ ኮራሉ እንመለሳለን።

ሔለን፦ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ታስታውሳለህ? እንቁጣጣሽ ነበር።

ብሩክ፦ ኒውዮርክ ሕንፃዎቹ የተመቱ ቀን። እንዴት ይረሳል? ዘመድ ተሰብስቦ በዓል እያከበርን ነው ቴሌቪዥን ላይ ያየነው።

ሔለን፦ ያን ሰሞን አውሮፕላን መቆሙን ሁሉም ያውቃል። መርከብም ቀንሶ ነበር። ካናዳ ውስጥ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ አለ። ራይት ዌል የሚባሉት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች በነሐሴና በመስከረም እዚያ ይመገቡ ነበር። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች ውሃው ላይ ነበሩ። አንዷ ስለ ሌላ ነገር ልታጠና የዓሣ ነባሪ ድምፅ ትቀዳለች። ሌሎቹ ደግሞ ሰገራ ይሰበስባሉ።

ብሩክ፦ የዓሣ ነባሪ ሰገራ?

ሔለን፦ አዎ! ዓሣ ነባሪን ደም ልቅዳህ አትለውም። ሰገራው ግን ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውስጡም የጭንቀት ሆርሞን ይገኛል። ብዙ ሳይቆይ ስለሚሰምጥ ቶሎ ማግኘት አለብህ። በኋላ ላይ በውሻ ማነፍነፍ ጀመሩ። ውሻው ጀልባው አፍንጫ ላይ ይቆማል፣ ሽታው ወደ መጣበት ይዞራል፣ ካፒቴኑ ይከተለዋል። ፋርጎ የሚባል ሮትዋይለር ነበራቸው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ ያገኘው ነበር።

ብሩክ፦ ፋርጎ! ጀግና ነው!

ሔለን፦ እና መርከቦቹ ሲቀንሱ የባሕሩ ጫጫታ በ6 ዴሲቤል፣ በድምፅ መለኪያው ማለት ነው፣ ወረደ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የድምፁ ጉልበት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። የቀነሰውም ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ዓሣ ነባሪዎቹ የሚጠራሩበት። በነዚያ ቀናት የተሰበሰበው ሰገራ ውስጥ ደግሞ የጭንቀት ሆርሞኑ ቀንሶ ተገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት ያንኑ ወቅት አዩት፤ አልቀነሰም። ቦስተን ካለው የኒው ኢንግላንድ አኳሪየም ሮዛሊንድ ሮላንድና ባልደረቦቿ በ2012 እ.አ.አ. አሳተሙት። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብሩክ፦ ይሄ ግን አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ያን ሰሞን ምግብ በዝቶላቸው ቢሆንስ?

ሔለን፦ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የአክስቴን ልንገርህ።

ብሩክ፦ የትኛዋ አክስትሽ?

ሔለን፦ ከባሕር ዳር የመጣችው። ቦስተን ልትጠይቀኝ መጥታ ዓሣ ነባሪ ላሳይሽ ብዬ በጀልባ ወሰድኳት። ነጠላዋን ተከናንባ ጫፍ ላይ ቆመች። ነፋሱ ያስፈራል፤ እሷ ንቅንቅ የለም። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ አንዱ አጠገባችን ብቅ ሲል ጮክ ብላ "ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው?" አለች!

ብሩክ፦ (ሳቅ) ኧረ እሷስ እውነቷን ነው!

ሔለን፦ ጀልባው ላይ ያለው ፈረንጅ ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም አስረዳኋት። አክስቴ፣ እነዚህ የሚበሉት ትንንሽ ነገር ነው፣ ጉሮሯቸው ጠባብ ነው፣ ሰው አያሳልፍም አልኳት።

ብሩክ፦ ምን አለች?

ሔለን፦ "እግዚአብሔር ካዘዘው ይሰፋል።"

ብሩክ፦ አለቀ! መልስ የለውም።

ሔለን፦ የለውም። ከዚያ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ሰዉም ጸጥ አለ። ዓሣ ነባሪው ሲተነፍስ "ፉሽሽ" የሚለው ይሰማል። ሽታው ደግሞ የበሰበሰ ዓሣ ነው። አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና "እንደኛ ይተነፍሳል እንዴ?" አለች። አዎ፣ እንደኛ ሳንባ አለው፣ ልጁን ጡት ያጠባል አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ካፒቴኑ ሞተሩን መልሶ ሲያስነሳ በጣም ተናደደች። "ምናለ ትንሽ ቢተዋቸው!" እያለች እስክንወርድ ድረስ።

ብሩክ፦ አክስትሽን እዚህ እናምጣት።

ሔለን፦ አሁን ዕድሯ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። የዮናስን ዓሣ አይታ መጣች ተብሏል። በጾመ ነነዌ ሰሞን ደግሞ ሁሌ ትደውልልኛለች፤ "እንዴት ናቸው?" ብላ።

ብሩክ፦ ዓሣ ነባሪዎቹን?

ሔለን፦ ዓሣ ነባሪዎቹን! እኔም እውነቱን ነው የምነግራት። ራይት ዌሎቹ ደህና አይደሉም። በሰሜን አትላንቲክ የቀሩት ከ400 በታች ናቸው። እነሱን ማደን ከ1935 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ግን መርከብ ይገጫቸዋል፣ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ይጠመጠምባቸዋል። ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት የገመድ ጠባሳ አለባቸው። በ2017 ብቻ 17 ሞተው ተገኝተዋል።

ብሩክ፦ ይሄ ግን ገመድና ግጭት ነው። ጫጫታው አይገድላቸውም።

ሔለን፦ ቀጥታ አይገድልም። ግን አስበው፣ እናትና ልጅ የሚፈላለጉት በድምፅ ነው። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይሄዳል። የመርከብ ፕሮፔለር በኃይል ሲሽከረከር አረፋ ይፈጥራል፤ ያ አረፋ ሲፈነዳ ነው ዋናው ጫጫታ። ራይት ዌሎቹ ጫጫታ ሲበዛ ጮክ ብለው ይጣራሉ። ጥሪያቸውም በ1950ዎቹ ከተቀዳው ቀጥኗል።

ብሩክ፦ ሠርግ ቤት ስፒከር አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው። ጆሮው ላይ ካልጮህክ አይሰማህም።

ሔለን፦ አዎ! ሠርጉ ግን ሌሊቱን ያልቃል። እነሱ ጋ ዓመቱን ሙሉ ነው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ጥያቄዬን አልመለስሽም። አንዴ የሆነ ነገር ማስረጃ ይሆናል?

ሔለን፦ ለብቻው አይበቃም፣ እስማማለሁ። ግን የጆሮ ኩክ ጥናት አለ። ዓሣ ነባሪ ጆሮው ውስጥ ኩኩ በየጊዜው ይደራረባል፤ ሽፋኑን ቆጥረህ ዕድሜውን ታውቃለህ። ቴክሳስ ያለው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየሽፋኑ ያለውን ኮርቲሶል፣ የጭንቀት ሆርሞኑን፣ ለኩ። ከ1870 እስከ 2016 ድረስ! አደኑ በበዛበት ዘመን ጭንቀቱም ከፍ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አደኑ ቀነሰ። ጭንቀቱ ግን ጨመረ።

ብሩክ፦ የጦር መርከብ፣ ቦምብ…

ሔለን፦ እነሱም የጠረጠሩት እሱን ነው።

ብሩክ፦ ይሄኛው ከባድ ነው። ግማሹን ተቀብያለሁ። ግን መርከብ አቁሙ ማለት አይቻልም። የኛ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ዘይት በምን ይመጣል? በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ነው። ቡናችንም የሚወጣው በመርከብ ነው።

ሔለን፦ አቁሙ አላልኩም፤ ቀስ በሉ ነው። አሜሪካ ከ2008 ጀምሮ ራይት ዌል ባለበት ቦታና ወቅት ትልልቅ መርከቦች ከ10 ኖት በላይ እንዳይሄዱ ሕግ አላት። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ግጭቱን ለመቀነስ የወጣ ነው፤ ብዙ መርከቦች ግን ቀስ ሲሉ ድምፃቸውም ይቀንሳል።

ብሩክ፦ ቀስ ማለት ቀን ይጨምራል፣ ቀን ደግሞ ዋጋ ይጨምራል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ ጥቃት ሲበዛ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ ማጓጓዣው ምን ያህል እንደተወደደ አይተናል።

ሔለን፦ ያ ዙሪያ የሚያልፈው ደግሞ ሌላው ራይት ዌል፣ የደቡቡ ዝርያ፣ በሚወልድበት ዳርቻ ነው! አየህ፣ እኛ ጋ የሚሆነው እነሱ ጋ ይደርሳል።

ብሩክ፦ ይደርሳል። ዋጋው ላይ ግን አልተስማማንም።

ሔለን፦ አንስማማ። እኔን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው፦ ፕላስቲክ ብትተወው እንኳን ባሕሩ ውስጥ ይቆያል። የተለቀቀ ካርቦን ይቆያል። ድምፅ ግን ስታቆም ያቆማል። ያኔውኑ! ያን ሰሞን መርከብ ቀነሰ፣ ባሕሩ ጸጥ አለ፣ እነሱም ቀለል አላቸው። ልናስተካክለው ከምንችለው ሁሉ ይሄ ቅርቡ ነው።

ብሩክ፦ ይሄን ሦስቴ አልሽው።

ሔለን፦ አራተኛም እለዋለሁ! ስታቆም ያቆማል።

ብሩክ፦ (ሳቅ) ኮራሉስ? ሰዓታችን አልቋል።

ሔለን፦ ኮራሉ አስደንጋጭ ነው። በ2023 በጀመረው የባሕር ሙቀት ከዓለም ኮራል ሪፍ 84 በመቶው ኮራልን ሊጎዳ በሚችል ሙቀት ተመቷል። ግን በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በእስራኤሏ ኤላትና በዮርዳኖሷ አቃባ በኩል፣ ሙቀት የሚችሉ ኮራሎች አሉ።

ብሩክ፦ ኤላት ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ጠልቃችሁ ያያችሁ ካላችሁ ድምፅ ላኩልን። ለሱ ሙሉ ክፍል እንሰጠዋለን። ማዕድኑንም እንጨምርበታለን።

ሔለን፦ ማዕድኑ ለብቻው ይሁን። እሱም ጫጫታ አለው።

ብሩክ፦ በቃ፣ ሔለን! ሳምንት እንገናኝ።