የክትባት ማቀዝቀዣው ሌሊት ምን ያህል ቀዘቀዘ? ርካሽ የሙቀት መዝጋቢዎችን መምረጥና መጠቀም

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል። በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ የሙቀት መከታተያ ቅጽ ይታያል።]

በክትባት ማቀዝቀዣ በር ላይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚሞላ ቅጽ አለ። ባለሙያዋ ቴርሞሜትሩን ታነባለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ቁጥሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነም ወደ ቀጣዩ ሥራዋ ታልፋለች። ይህ አሠራር ሊቀር አይገባም። ይሁን እንጂ ቅጹ ከሁለቱ ንባቦች ውጭ ስላለው ጊዜ፣ በተለይም ከማታ እስከ ንጋት ስላሉት ረጅም ሰዓታት፣ የሚነግረን ነገር የለም። ከንጋት በፊት የማቀዝቀዣው ሙቀት ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ ሲሞቅና በሩ መከፈት ሲጀምር ተመልሶ ከፍ ቢል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነበበው ቁጥር 3 ወይም 4 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ቅጹ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር እውነተኛ ነው፤ የሌሊቱ ጉዳት ግን የትም አልተጻፈም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው በተለምዶ ዳታ ሎገር የሚባለው የሙቀት መዝጋቢ ነው። መሣሪያው ሴንሰር፣ ሰዓት፣ ሜሞሪና ባትሪ በአንድ ላይ የያዘ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም በተወሰነለት የጊዜ ልዩነት ሙቀቱን እየለካ ያስቀምጣል።

[ምስል፦ ሁለት የክትባት ብልቃጦች በቅርበት። በአንደኛው መለያ ላይ ክብና በውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ይታያል።]

ስለ ምርጫው ከመናገራችን በፊት፣ የምንፈራው ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የቀዝቃዛ ሰንሰለት፣ ማለትም ክትባትን ከፋብሪካ እስከ ተከታቢው በቅዝቃዜ የማቆየት ሥርዓት፣ ችግር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሙቀት መጨመርን ነው። ለሙቀት ግን ቢያንስ አንድ ምስክር አለን፤ በብልቃጡ ላይ ባለው፣ ቪቪኤም በሚባለው የሙቀት ምልክት፣ ክትባቱ በሙቀት በቆየ ቁጥር በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን እየጠቆረ ይሄዳል፣ ቀለሙ ከክቡ ጋር ሲመሳሰል ወይም ከዚያ በላይ ሲጠቁርም ክትባቱ መሰጠት እንደሌለበት ያመለክታል። ቪቪኤም በረዶ የመታውን ክትባት ግን አይለይም። ፔንታቫለንት፣ ፒሲቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቲዲና ኤችፒቪን የመሳሰሉ የአሉሚኒየም ጨው ያለባቸው ክትባቶች አንዴ ወደ በረዶነት ከተለወጡ ቅንጣቶቻቸው ይጓጉላሉ፤ በረዶው ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው ይዞታቸው አይመለሱም። የቪቪኤሙ ቀለም ንጹሕ ሆኖ፣ ክትባቱ ግን ሕፃኑን የማይከላከል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለክትባት ማቀዝቀዣ መዝጋቢ ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባው፣ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚናገረው ምን ያህል ይታመናል የሚለውን ነው።

ይህ ጥያቄ በቀጥታ ወደ ትክክለኛነት ይወስደናል። በርካሽ መዝጋቢዎች ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ስክሪኑ የሚያሳየው ትንሹ ለውጥ ነው፤ ለምሳሌ 0.1 ዲግሪ። ገዢው መሣሪያው በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ልክ ትክክል ነው ብሎ ይገምታል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከእውነተኛው ሙቀት በምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚነግረው ቁጥር በመግለጫ ወረቀቱ ውስጥ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈው ነው። ለምሳሌ ኢሊቴክ አርሲ-5 የሚባለው የዩኤስቢ መዝጋቢ ከ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት ይችላል። የአዝራር ባትሪ የሚያህለው፣ በማይዝግ ብረት የተሸፈነው አይበተን (iButton) ዲኤስ1921ጂ ደግሞ እስከ አንድ ዲግሪ ሊስት ይችላል። ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ዲግሪ ሊስት የሚችል መዝጋቢ ግማሽ ዲግሪ ሲያሳይ፣ እውነተኛው ሙቀት ከዜሮ በታች ይሁን በላይ መለየት አንችልም። የጎተራ ወይም የዶሮ ቤት ሙቀት ለመከታተል ይህ ልዩነት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለክትባትና ለኢንሱሊን ግን ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሚስተውን ባትገዙ ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር ሜሞሪው ነው፤ እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ይበቃል። አርሲ-5 32,000 ንባቦችን ይይዛል፤ በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ ለ222 ቀናት ያህል ይበቃዋል። ዲኤስ1921ጂ የሚይዘው 2,048 ንባብ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት በ14 ቀናት ይሞላል። በየደቂቃው መመዝገብ ባትሪና ሜሞሪ ከመጨረስ በቀር ለማቀዝቀዣ ብዙም አይጠቅምም፤ በየሰዓቱ መመዝገብ ደግሞ በሁለት ንባቦች መካከል የደረሰን ነገር ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህ ሥራ በየ10 ደቂቃው በቂ ነው።

መረጃው እንዴት እንደሚወጣ ከዋጋው እኩል ሊታሰብበት ይገባል። በዩኤስቢ ሲሰካ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ራሱ የሚያዘጋጅ መዝጋቢ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ልዩ ፕሮግራም ይሠራል፤ ለጤና ጣቢያና ለአነስተኛ መድኃኒት ቤት ብጠየቅ የምመክረው ይህን ነው። የብሉቱዝ ዓይነቱ በስልክ ስለሚነበብ ምቹ ቢመስልም፣ የማቀዝቀዣው ብረት ምልክቱን ያዳክመዋል፤ አንዳንዶቹም በአምራቹ መተግበሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚመኩ፣ መተግበሪያው ሲቋረጥ መሣሪያው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በዋይፋይ መልእክት የሚልከው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው በሚፈለግበት ሰዓት ላይደርስ ይችላል። ለአንድ ጉዞ ብቻ የተሠሩ፣ ካለቁ በኋላ ዳግም የማይጀምሩ መዝጋቢዎችም ገበያ ላይ ስላሉ፣ ከመክፈል በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ መቀመጥ አለበት። ከክትባት ማቀዝቀዣ ጋር የሚሰጠው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ያሟላው ባለ 30 ቀን መዝጋቢ፣ ብዙዎች ፍሪጅ ታግ የሚሉት፣ በራስ ገንዘብ በተገዛ መዝጋቢ አይተካም። ርካሹ መዝጋቢ ከእርሱ ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ዓይን ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ ለማየት ማስቻሉ ነው።

[ምስል፦ ቴርሞስ፣ የተፈጨ በረዶ፣ በፕላስቲክ የታሸገ መዝጋቢ።]

መዝጋቢው ከተገዛ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መፈተሽ አለበት፤ ይህ ደግሞ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ከንጹሕ ውኃ የተሠራ በረዶ በደንብ ይፈጭና አፈ ሰፊ ቴርሞስ ውስጥ እስከ አፉ ይሞላል። ከዚያም በበረዶው መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ብቻ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይጨመርበታል። በረዶው ከፍ ብሎ መንሳፈፍ ከጀመረ ውኃው በዝቷልና ከላዩ ይቀነስ። ጨው ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ጨው ያለበት በረዶ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየና ከተማሰለ በኋላ፣ መዝጋቢው አየር በወጣለት ድርብ ፕላስቲክ ታሽጎ ከበረዶው መሐል ይቀበራል፤ የቴርሞሱን ግድግዳም ሆነ ታች እንዳይነካ ይደረጋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለው ንባብ ዜሮ ወይም ከዜሮ በግማሽ ዲግሪ ያልራቀ መሆን አለበት። ለምሳሌ 0.4 ካሳየ፣ «በዜሮ ላይ 0.4 ይጨምራል» ብሎ ከነቀኑ በፕላስተር ላይ ጽፎ ጀርባው ላይ መለጠፍ ነው። ይህ ሙከራ በዓመት አንድ ጊዜና ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ቢደገም መልካም ነው፤ ኦፊሴላዊ የካሊብሬሽን (የመለኪያ ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ሰነድ የሚጠየቅበትን ቦታ ግን አይተካም።

የሚፈላ ውኃ ለዚህ ፈተና አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም፤ ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ እነዚህ መዝጋቢዎች ከ70 ወይም ከ85 ዲግሪ በላይ ከሞቁ ይበላሻሉ። የበረዶ መቅለጫ ነጥብ ግን በአሰብም ሆነ በደብረ ብርሃን ያው ዜሮ ነው።

[ምስል፦ የተከፈተ ማቀዝቀዣ፤ ቀስቶች ሦስት ቦታዎችን ያመለክታሉ።]

የት ይቀመጥ? በሩ ላይ አይደለም፤ በር በተከፈተ ቁጥር የክፍሉን አየር ይለካል። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ወይም ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት አፍ ላይም አይደለም። አንዱ መዝጋቢ ከክትባት ሳጥኖቹ መካከል፣ ክትባቱ የሚሰማውን በሚሰማበት ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛ ካለ ማቀዝቀዣው በጣም በሚቀዘቅዝበት ቦታ ይሁን፤ ከላይ በሚከፈተው ሣጥን መሰል ማቀዝቀዣ ይህ ብዙውን ጊዜ የታችኛው ክፍል ነው። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር በሩ ለአንድ ደቂቃ ሲከፈት ይደነግጣል፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን በዚያ ፍጥነት አይሞቅም። ስለዚህ ሴንሰሩ በገመድ የሚወጣ ከሆነ ግላይኮል በሚባለው ፈሳሽ ወይም በአሸዋ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ንባቡን ከክትባቱ ሙቀት ጋር ያቀራርበዋል። አዲስ ወይም የተጠገነ ማቀዝቀዣ ከሆነ፣ ክትባት ከመግባቱ በፊት መዝጋቢዎቹን በተለያዩ መደርደሪያዎች አስቀምጦ ጥቂት ሌሊት ማሳደር ተገቢ ነው። በተለይ በደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ክፍሉ ራሱ ማቀዝቀዣው ከተሠራበት ዝቅተኛ ሙቀት በታች ሊወርድ ይችላልና።

ሰዓቱን ማስተካከል ቀላል ቢመስልም ብዙ መዝገብ የሚያበላሸው እርሱ ነው። መዝጋቢው ሰዓቱን የሚወስደው መጀመሪያ ካዘጋጀው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ከዘመድ ከአሜሪካ የመጣና ሰዓቱ ያልተቀየረ ከሆነ፣ መዝገቡ በሙሉ ቢያንስ በሰባት ሰዓት ይዛባል። ሰዓቱ ልክ ሲሆንም አነባቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፋይሉ ላይ 03:10 ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ቀኑም በእኩለ ሌሊት ስለሚቀየር፣ ፋይሉ ረቡዕ የሚለው እኛ ማክሰኞ ሌሊት ወይም ለረቡዕ አጥቢያ የምንለውን ነው። ተረኛውን ለመጠየቅም ሆነ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ለማመሳከር ይህ ልዩነት ወሳኝ ስለሆነ፣ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ይጠቅማል።

[ምስል፦ የሦስት ቀን የሙቀት ግራፍ።]

አሁን ግራፉን እንመልከት። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ በትንሹ ከፍ ዝቅ ማለቱ የማቀዝቀዣው ሞተር የሚበራበትና የሚያርፍበት ነው፤ ጤናማ ነው። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወዲያው የሚመለሰው የበር መከፈት ነው። ለሰዓታት በዝግታ ያለማቋረጥ የሚወጣው የመብራት መጥፋት ነው፤ ወደ 8 ዲግሪ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ማቀዝቀዣው ያለ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይነግረናል፣ ይህንንም ማወቅ ለአደጋ ጊዜ ዕቅድ ትልቅ ሀብት ነው። በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ታች የሚጎድለው መስመር ደግሞ ከሁሉ በላይ ሊያስጨንቀን የሚገባው ነው፤ ዛሬ 1 ዲግሪ ላይ ቆሞ ቢመለስ፣ ይበልጥ በሚበርድ ሌሊት ዜሮን ሊያልፍ ይችላል። አማካዩን ብቻ ማየት እዚህ ላይ ያታልላል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ቀን 7 ዲግሪ የነበረ ማቀዝቀዣ አማካዩ መልካም ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመዝጋቢዎች ያስቀመጠው የማስጠንቀቂያ ወሰን ከ8 ዲግሪ በላይ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት፣ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪና ከዚያ በታች ለ60 ደቂቃ ነው። መዝጋቢያችሁ ወሰን የሚሞላለት ከሆነ ይህንኑ አስገቡ። የቅዝቃዜ ማስጠንቀቂያ ከተገኘ ክትባቱ ወዲያው አይጣልም፣ አይሰጥምም፤ «እንዳይሰጥ» ተብሎ ተለይቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታ ይቆይና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገራል። የአሉሚኒየም ጨው ካለባቸው ክትባቶች ጠጥሮ የተገኘ ብልቃጥ ከሆነ ምርመራ አያስፈልገውም፣ ይወገዳል። አጠራጣሪ ለሆነው የመነቅነቅ ሙከራ አለ። ከዚያው አምራችና ከዚያው ባች (በአንድ ጊዜ ከተመረተ ምድብ) አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ እንዲጠጥር ይደረግና ይቀልጣል፤ ከዚያ እርሱና የሚጠረጠረው በአንድ እጅ ተይዘው ይነቀነቁና ጎን ለጎን ይቆማሉ። የጠጠረው ቅንጣቱ ቶሎ ይዘቅጣል፤ የሚጠረጠረውም በዚያው ፍጥነት ከዘቀጠ ከዚያው ባች አብሮት የነበረው ሁሉ አይሰጥም።

[ምስል፦ መዝጋቢው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ፣ በላዩ ላይ ጤዛ ይታያል።]

መረጃውን ለማውጣት መዝጋቢው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ የክፍሉ እርጥበት በላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል። ወዲያው ዩኤስቢ ላይ አትሰኩት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ጠብቁ። ፋይሉን በጤና ጣቢያው ስም፣ በማቀዝቀዣው ቁጥርና በቀኑ ሰይማችሁ አስቀምጡ፣ ቅጂውንም በሌላ ቦታ ያዙ። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ከተነበቡ በኋላ በራሳቸው መመዝገብ አይጀምሩም፤ የማስጀመሪያውን ቁልፍ መመሪያው እንደሚያዘው ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ፣ የመመዝገብ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ መታየቱን ወይም መብራቱ ብልጭ ማለቱን አይታችሁ ብቻ ወደ ማቀዝቀዣው መልሱት።