ስሪንጁ ባዶ ሲወጣ

እሺ... ሰላም ጅማ፣ ሰላም ለሌሎቻችሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባ ታገሱኝ። የኮላጅን ዱቄት ለፊት ይጠቅማል ወይ የምትሉኝ፣ እሱ ዛሬም አይነሳም። ኮላጅኑ ግን ይነሳል፣ የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው።

የመቅኔ ናሙና ሲወሰድ ያለችው ያቺ ቅጽበት ከአእምሮዬ አልወጣልህ ብላኛለች። መርፌው የዳሌውን አጥንት ከኋላ በኩል በስቶ ገብቷል፤ ድንገት ለቀቅ ሲል እጅ ላይ ይታወቃል፣ መቅኔው ጋ ተደርሷል። የውስጡ ዘንግ ይወጣል፣ ስሪንጅ ይገጠማል፣ ይሳባል። ምንም። መርፌው ትንሽ ይዞራል፣ እንደገና ይሳባል። ምንም። «ድራይ ታፕ» ይባላል፣ ናሙና አልተገኘም ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ።

አላለቀም እኮ! መቅኔው ባዶ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ወይ ከልክ በላይ በህዋስ ተጠቅጥቋል፣ ወይ በክር ተተብትቧል።

ህዋሳቱ እዚያ ውስጥ ተንሳፍፈው አይኖሩም። ፋይብሮኔክቲን፣ ላሚኒን፣ ኮላጅን የሚባሉ ፕሮቲኖች የሠሩት መረብ፣ ማትሪክስ የሚባለው፣ ከብቧቸዋል፤ ህዋሳቱም ኢንተግሪን በሚባሉ ተቀባዮቻቸው ይይዙታል። ለጋው ቀይ ህዋስ ፋይብሮኔክቲንን ይዞ ይባዛል፣ ሲበስል መያዣውን ያጣል፣ ወደ ደም ይወጣል። ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፕላትሌት የሚያመርተው ሜጋካርዮሳይት ደግሞ ዓይነት 1 ኮላጅን ከነካ ፕላትሌት መልቀቅ አይጀምርም። የደም ስሩ ጋ ሲደርስ ነው የሚለቀው። ቦታው ራሱ «ገና ነህ» ይለዋል። ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

ማይሎፋይብሮሲስ ላይ፣ መቅኔው በክር የሚሞላበት የደም ካንሰር ነው፣ ያው ሜጋካርዮሳይት ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ያፈሳል፣ ጎረቤት ህዋሳቱ ሪቲኩሊን የሚባለውን ቀጭን ክር ያመርታሉ፣ ሲከፋ ወፍራሙን ኮላጅን። ደም የሚፈጥሩት ግንደ ህዋሳት ወደ ጣፊያ ይሰደዳሉ። እኛ አገር ትልቅ ጣፊያ ሲዳሰስ ወባና ካላአዛር ቀድመው ይታሰባሉ፣ ልክም ነው። ግን የደም ስላይዱ ላይ እንባ የመሰሉ ቀይ ህዋሳት ካሉ፣ እባካችሁ እዚያ አትቁሙ።

ከተሳበበት ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ በባዮፕሲ መርፌ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቁራጭ አውጡ። ናሙና ማቆያው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስላይድ ላይ አስነኩት፤ ሳትጎትቱ፣ ነካ ብቻ። ስሪንጁ ምንም ካልሰጠ የህዋሱን መልክ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ይሄ ነው። ስላይዱን ከፎርማሊኑ አርቁ፣ ትነቱ የጊምሳውን ቀለም ያበላሻል። አጥንቱ እንዲለሰልስ ካልሲየሙ በአሲድ ሲወጣም አሲዱ ውስጥ አትርሱት፣ ኒውክለሱ ቀለም አልቀበል ይላል። የብር ቀለሙንም ጠይቁ፤ በተለመደው ቀለም ብቻ ሪቲኩሊን በደንብ አይታይም። የክሩ ብዛት ደረጃ ከኤምኤፍ (ማይሎፋይብሮሲስ) 0 እስከ 3 ነው፣ የሚለካውም ደም የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ብቻ።

እና ደግሞ... በረሃብ ወይም በቲቢ መንምኖ የቀረ ሰው አለ። እሱ ጋ ቦታውን የሚይዘው ክር ሳይሆን ሃያሉሮናን የሚባል ስኳር ነክ ንጥረ ነገር የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው፣ ስቡም ደም ፈጣሪው ህዋስም ይሳሳል። ሲያገግም፣ ምግብ ሲያገኝ፣ ይመለሳል። ይመለሳል እኮ!

ማይሎፋይብሮሲስ ላይ ሩክሶሊቲኒብ የሚባለው መድኃኒት ጣፊያውን ይቀንሳል፣ ክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። የሌላ ሰው ግንደ ህዋስ ተተክሎ ከያዘ ግን ክሩ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የህዋሱ ነው፣ ማትሪክሱ ተከታይ ነው ልል እነሳና... የተራበው ሰውዬስ? የእሱ ህዋስ ምን አጠፋ? ቦታው እኮ ነው የተለወጠበት። እንጃ፣ ምናልባት የቱ ቀደመ ማለቱን ትተን... ቆይ፣ ያ ሜጋካርዮሳይት ራሱ ባመጣው ኮላጅን ተከቦ ሲቀር ደግሞ...