ለምን አስገባቻቸው?

ሰላም አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ለዓመታት ስላደረ አንድ የመልስ ዕዳ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጤና ላቦራቶሪ ስሠራ፣ የሰሊጥ አጨዳው ሲያበቃ ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመለሱ ወጣቶች ይመጡብን ነበር። ክንዳቸው ከስቷል፤ ግራ ጎናቸው ግን ባበጠ ጣፊያ ተወጥሯል። ካላዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚገባ ሌሽማንያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ። ሐኪሙ ከጣፊያው በቀጭን መርፌ ጥቂት ይስባል፤ እኔ ስላይድ ላይ እቀባዋለሁ፣ በጊምሳ አቀልመዋለሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ።

አንድ ቀን በሽተኛው ራሱ፣ "ዶክተር፣ እስቲ እኔም ልየው" አለኝ። ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና አላረምኩትም። አሳየሁት። አንዲት ትልቅ፣ ፈዛዛ ህዋስ ነበረች፤ ሆዷ በወይን ጠጅ ቀለም ጥቃቅን እንክብሎች ተሞልቷል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ አንድ ክብ ነጥብ፣ አጠገቡም እንደ ስንጥር ያለች ጭረት ይታያሉ።

"ይህቺ ናት ያደከመችኝ?"

"እሷማ የራስህ ህዋስ ናት። በሽታው በሆዷ ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው።"

ዓይኑን ከሌንሱ ሳያነሣ፣ "ታዲያ ለምን አስገባቻቸው?" አለኝ።

"ሥራዋ መብላት ስለሆነ ነው" ብዬ አለፍኩት። ውሸት አልነበረም፤ ማክሮፌጅ የሚለው የህዋሷ ስም ከግሪክኛ ሲፈታ "ትልቅ በላተኛ" እንደ ማለት ነው። መልስ ግን አልነበረም።

ኋላ ሳነብ የገባኝ ይህ ነው። የቆዳዬም የጉበቴም ህዋስ አንድ ዓይነት የዘረመል መጽሐፍ ይዟል። የትኛው ገጽ ይነበብ፣ የትኛው ይታጠፍ የሚሉት ዲኤንኤው ላይ የሚያርፉ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ለማክሮፌጅ ዋናው ፒዩ-1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ፋክተር የሚያሠራው ዘረመል እንዲጎድላቸው የተደረጉ አይጦች ማክሮፌጅ ሳይኖራቸው ቀርተዋል።

ፒዩ-1 ሙያውን ይሰጣል፤ የሥራ ምደባውን የሚሰጠው ግን ሰፈሩ ነው። ጣፊያን ተመልከቱ። ቀይ የደም ህዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያረጃል፤ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ይወገዳሉ። ማክሮፌጆቹ ያረጁትን ሲበሉ ብረት ያዘለው ሂም ይለቀቃል። ሂሙ ባክ-1 የተባለውን ከልካይ ያስወግዳል፤ ያን ጊዜ ስፓይ-ሲ የተባለው ፋክተር ይነሣና ህዋሷን የብረት መላሽ ያደርጋታል። የሚበላው ነገር በላተኛውን ያሠለጥነዋል! ከምግብ በቀን የምናገኘው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ለአዲስ ደም የሚያስፈልገን ከ20 ሚሊግራም በላይ የሆነው ግን በአብዛኛው ከዚህ የቁጠባ ሥራ ይመጣል።

ሳምባ ላይ ደግሞ ፒፓር ጋማ የተባለው ፋክተር አለ፤ የአየር ከረጢቶቹን የሚያለሰልሰው ቅባት ሲበዛ ማክሮፌጆቹ እንዲጠርጉት ያደርጋል። ትእዛዙ ከተቋረጠ ከረጢቶቹ ይሞላሉ። ሐኪሞች ሳምባውን በጨው ውኃ ሲያጥቡት የሚወጣው ፈሳሽ ወተት ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአይጥ የሆድ ዕቃ ዙሪያ የተወሰዱ ማክሮፌጆች ሳምባ ውስጥ ሲገቡ አብዛኛውን ጠባያቸውን ወደ ሳምባ ሰዎች እንደቀየሩ አሳየ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ ተረቱን እዚህ ላይ አልጨርሰውም።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ማክሮፌጅ አደጋ ስታውቅ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፋክተር ወደ ኒውክሊየሷ ገብቶ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ይከፍታል። የሌሽማንያ ዝርያዎች ግን ጂፒ-63 የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ አላቸው፤ ይህንኑ መልእክተኛ ይቆርጡታል። ስታት-1 በተባለው በሌላው የማንቂያ መንገድም ላይ እንቅፋት ይጥላሉ። በላተኛዋ በልታለች፤ ግደይ የሚለው ትእዛዝ ግን ሳይደርሳት መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህን ያኔ ባውቀው ኖሮ እዚያው በርጩማ ስቤ እነግረው ነበር።

ልጁ 17 ቀን መርፌ ተወጋ። ሊሄድ ሲል በላቦራቶሪው በር ብቅ አለና፣ "ወጡ?" አለኝ።

የመጨረሻ ስላይዱን ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር።

"አላየኋቸውም" አልኩት።