እሑዳቸውን የማይሸጡት ሰው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። በሎስ አንጀለስ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት አብረውኝ ስለሠሩ፣ በቅርቡ ስላረፉ አንድ ሜክሲኳዊ አባት ልነግራችሁ ነው። ስማቸው የቤተሰባቸው ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ በስፓኒሽ «ማኤስትሮ» (መምህር እንደ ማለት ነው) እንላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

በቀብራቸው ላይ የተናገረ ሁሉ አንድ ነገር ደጋገመ፦ ታታሪ ነበሩ። ቄሱም አሉት፣ አለቃችንም አለው፣ ጎረቤቱም አለው። ውሸት አይደለም። ግን እየሰማሁ ተናደድሁ። ለስደተኛ የሚሰጠው ምስጋና ሁልጊዜ ይኸው ነው፦ ብዙ ሠራ፣ አላጉረመረመም፣ ሞተ። ማኤስትሮ እኮ ማጉረምረም የሚያውቁበት ሰው ነበሩ!

የተወለዱት በዛካቴካስ ግዛት፣ በኼሬዝ አካባቢ ነው። ዝናብ የሚሰስትበት አገር ነው፤ ሰዉ ወደ ሰሜን መጓዝን ከአባት ከአያቱ የወረሰው ነው። አባታቸው «ብራሴሮ» ነበሩ፤ አሜሪካና ሜክሲኮ ተስማምተው ከ1942 እስከ 1964 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በኮንትራት ካስመጧቸው የእርሻ ሠራተኞች አንዱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው ከመቶ 10 እየተቆረጠ ለቁጠባ ወደ ሜክሲኮ ይላክ ነበር። ብዙዎቹ ያን ገንዘብ በዓይናቸው አላዩትም፤ የማኤስትሮ አባትም ሳያዩት ሞቱ።

ልጅየው ደግሞ ገና በጉርምስናቸው ካሊፎርኒያ፣ ሳሊናስ ሸለቆ ገቡ፤ የሰላጣ ማሳ። ያኔ የሚሠሩበት መኮትኮቻ «ኤል ኮርቲቶ» ይባላል፤ እጀታው ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከጎህ እስከ ማታ ወገብን አጥፎ መዋል ነው። ባለ እርሻዎቹ አጭሩ መሣሪያ ለችግኙ ይሻላል ይሉ ነበር። ማኤስትሮ ግን ሳቅ እያሉ ሌላ ምክንያት ይነግሩኛል፦ ሁሉም ካጎነበሰ፣ ቀና ብሎ ያረፈው ሰው ለተቆጣጣሪው ከሩቅ ይታየዋል። ካሊፎርኒያ መሣሪያውን በ1975 ከለከለች። የእሳቸው ወገብ ግን የሕጉን ወሬ አልሰማም። ወጥ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፉበት ጠረጴዛ ዝቅ ስላለባቸው እግሮቹ ሥር ሳንቃ አስገቡ። አለቃው ያወጣል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። በመጨረሻ የሰለቸው አለቃው ነው።

እስከ 1986 ድረስ ወረቀት አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሬጋን የፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመኖሪያ ፈቃድ አስገኘ። ነገር ግን እዚህ መቆየትህን ወይም እርሻ ላይ መሥራትህን ማስረዳት ነበረብህ፤ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ሰው ድንገት «እዚህ ነበርሁ» የሚል ማስረጃ አምጣ ሲባል አስቡት። ባለቤታቸው የደመወዙንም የቤት ኪራዩንም ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅመው ኖሮ እሱ አዳናቸው። ማኤስትሮ ይህን ሲያወሩ ሁሌም «ግሪን ካርዱ የእሷ ነው፤ እኔ ፎቶዬን ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላሉ።

አሁን ወደ ተናደድሁበት ነገር ልመለስ። እኚህ ሰው እሑድ አይሠሩም ነበር። ሆቴሉ በሰው እጥረት ሲጨነቅ፣ አንድ ተኩል እጥፍ እንክፈልዎት ሲባሉ፣ እምቢ። እኔ ያኔ ለአገር ቤት የምልከው ገንዘብ ስለሚያስጨንቀኝ የእሳቸውን እሑድ ጭምር ወስጄ እሠራ ነበር። እሳቸውም አራት ልጅ ያሳድጋሉ፣ ለእናታቸውም ይልካሉ። ግን እሑድ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው የልጆቹን ፀብ መዳኘት፣ ዶሚኖ መጫወት፣ እንቅልፍ። በተለይ እንቅልፍ! ልጆቻቸው በቀብሩ ማግስት ሲያወሩ የሰማሁት ስለ ሥራቸው አልነበረም፤ አባታቸው ዶሚኖ ላይ እንዴት እንደሚያጭበረብሩ ነበር። አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይህን ቢናገርላቸው ምን ነበረበት?

ለእኔ ያደረጉትን ብቻ ልጨምር። በእነሱ ቤት ባቄላው የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማልቀምስ ካወቁ ጀምሮ፣ ለሠራተኛው ምሳ ሲያበስሉ የእኔን በዘይት ለይተው ይሠሩልኝ ነበር። ስለ ጾማችን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ድስቷን ብቻ ወደ እኔ ገፋ ያደርጓታል።

ከቀብሩ በኋላ ዘጠኝ ምሽት ቤታቸው መቁጠሪያ ተይዞ ተጸለየ። ወንበር የሚያመጣው፣ ቡና የሚያፈላው፣ ጎረቤቱ በሙሉ በየተራው። የዕድር ልጅ ስለሆንሁ የት እንደምቆም ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ወንበር ተሸከምሁ። የትውልድ መንደራቸው ሰዎች ለመንደሩ የሚያዋጡበት ማኅበር አለ፤ የዛካቴካስ ሰዎች በዚህ ይታወቃሉ። ስደተኛው አንድ ዶላር ሲያዋጣ የሜክሲኮ የፌዴራል፣ የግዛትና የማዘጋጃ ቤት መንግሥታት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሚጨምሩበት «ሦስት ለአንድ» የተባለ ፕሮግራም ነበር፤ ስንት መንገድና የውኃ ጉድጓድ ተሠርቶበታል። የፌዴራሉ ድርሻ ከ2020 ወዲህ ቀርቷል፣ መዋጮው ግን አልቀረም። ገንዘብ ያዡ ማኤስትሮ ነበሩ፤ አሁን ትልቋ ልጃቸው ተክታቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ምን ያህል እንደምሰጥ ጠየቀችኝ። አንድ ቁጥር አልኋት። ዝም አለች። አባቷም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ቁጥሩን ከፍ አደረግሁት።