ከእህል ሚዛን ላይ የወጣሁ ለት

(ህዳር 5፣ በስኳር ህመም ቀን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። ጽጌን ስትጾሙ ለከረማችሁ፣ እንኳን ለቁስቋም ዋዜማ አደረሳችሁ። ይሄ የከተማችን ብርድ ሳይበግራችሁ በጠዋት ስለመጣችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ስለ ስኳር 10 ደቂቃ ተናገሪ ብለውኛል። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የሆነው ካናዳዊው ሐኪም ባንቲንግ የተወለደበት ስለሆነ ነው። ኢንሱሊን የተገኘው በፈረንጅ 1921 ነው። ይሄን ለወጉ ያህል አልኩ። እኔ ግን የመጣሁት ሌላ ነገር በሆዴ ይዤ ነው። የተረፈልኝ ሆድ ትንሽ ቢሆንም።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ልጆቻችሁን አስተምሬያለሁ። ያኔ 128 ኪሎ ነበርኩ። ከሰሌዳው እስከ በሩ ስሄድ ትንፋሼ ከድምፄ ይበልጥ ነበር። ስኳሩ አለ፣ ጉልበቴ አለ፣ ማታ ማታ መርፌው አለ። የዛሬ 2 ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን አስቀነስኩ። ከ4 እጅ 3ቱን ቆርጠው አወጡና የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርገው ሰፉት። ገንዘቡን የላከችልኝ ልጄ ናት፣ አረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ኪሎው እንደ ጉድ ወረደ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርድ አውቶብስ በሉት። በ8 ወር 37 ኪሎ ሄደ። 91 ገባሁ። ከዚያ ቆመ።

አንድ ሳምንት፣ 91። ሁለተኛውም ሳምንት 91። ወር ሞላ፣ 91። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ከጸሎት በፊት ሚዛን ላይ ነበር የምወጣው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ ሚዛኑ ተበላሽቷል አልኩ። ባትሪ ቀየርኩለት። ያው 91።

በገበያ ቀን ተነስቼ እህል ተራ ሄድኩ። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ አሁን ትልቅ ነጋዴ ሆኗል፣ ኩንታል የሚመዝንበት የብረት ሚዛን አለው። ይሄ አይዋሽም ብዬ ጋቢዬን እንደለበስኩ ከጤፉ ጆንያ ጎን ወጣሁበት። ተሸካሚው ልጅ ብረቱን ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አደረገና እንደ ጨረታ ጮኸ፦ «ዘጠና ሁለት ከግማሽ!» ተራው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጋዴው ደግሞ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ኩንታል ሊሞሉ 7 ኪሎ ተኩል ነው የቀረዎት፣ እንጨምርልዎት?» አለኝ። ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጫማዬ ላይ የጤፍ ብናኝ እንዳለ ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አለቀስኩ።

የባሰው ግን ሰው ነው። አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ያች ልጅ አረብ አገር የለፋችበት ገንዘብ እንኳ ጉሮሮዋን አልዘጋላትም» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄንን ነው። ለሕክምና ሄጄ ኪሎዬ ቆመ ስልም፣ ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እየበላሽ ነው፣ አትዋሺ» አለኝ። በዕድሜ እናቱ ነኝ! ከቀዶ ጥገናው በፊት ብዙ ወረቀት አስፈርመውኛል። ኪሎው አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል ብሎ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እኔም አመንኳቸው። ሆዳም ነኝ ብዬ ራሴን ቀጣሁ። በቀን ሻይና ግማሽ ብርቱካን፣ ለ19 ቀን። ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይመጣ ጀመር። በ20ኛው ቀን ከቅዳሴ ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ወደቅኩ። ደሜ ሲታይ ብረቱ አልቋል፣ ቢ 12 የሚሉት ቫይታሚንም አልቋል። ኪሎው ስንት ሆነ? 90። ያን ሁሉ ለአንድ ኪሎ!

ያዳነችኝ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ እኔም በኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ። ጎተራዋ ሲጎድል ያየች ባለሙያ ሴት ምን ታደርጋለች? እፍኙን ታሳንሳለች። በፊት 3 እፍኝ የምታወጣው በ2 ታብቃቃለች። ሰውነትም እንደዚያ ነው። ስቡ ሲጎድል ክፉ ቀን የመጣ ይመስለውና የሚያነደውን ይቀንሳል። የምግቡን መጠን ስታሳንሱበት እሱም እፍኙን ያሳንሳል፣ ከዚያም አልፎ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል። ደግሞ 37 ኪሎ ማለት በጀርባ የተጫነ ጆንያ ነው። ጆንያው ሲወርድ እሱን ለመሸከም ይወጣ የነበረው ጉልበትም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ በ128 ኪሎ ያከሳኝ ምግብ በ91 ኪሎ እዚያው ያቆመኛል። ሂሳብ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም።

ገና በ3ኛው ሳምንት የሚቆምባቸውም አሉ። ያ በአብዛኛው የውሃ ነገር ነው፣ በራሱ ይለቃል።

ስዊድኖች ከፈረንጅ 1987 ጀምሮ ለክብደት ብለው ጨጓራቸውን የተቀደዱ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል። የነሱም ኪሎ በ1 እና በ2 ዓመት መካከል ዝቅተኛው ቦታ ደርሶ ቆመ፣ ከዚያም ብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ መልሰው ጨመሩ። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ስዊድን በሙሉ ሆዳም ነው? ለቅሶ ቤት ያለችው ሴትዮ ስዊድኖቹንም ታማቸው እንደሆነ አላውቅም! እኛ ሰው ሲከሳ «ምን ነካሽ፣ አመመሽ እንዴ?» እንላለን። ሲወፍር «ተመችቶሻል» እንላለን። ታክሞ ሲቀንስ «በገንዘብ ነው» እንላለን። ኪሎው ሲቆም ደግሞ «አላልኩም?» እንላለን። የሰው ገላ የዕድር ንብረት ነው እንዴ በየስብሰባው የሚቆጠረው? አውቶብሱ ሸዋ ሮቢት ሜዳው ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ አለቀ እንጂ ተበላሸ ብሎ የሚወርድ ተሳፋሪ አለ?

ኪሎው ቆሞ በቆየበት በዚያ 11 ሳምንት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊዬ ቀሚሴን 2 ጊዜ አጥብቧል። ሁለተኛውን ጊዜ ሜትሩን ወገቤ ላይ እንደያዘ «እትዬ፣ ባለፈው በደንብ አልለካሁም መሰለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ደህና አድርጎ ለክቷል፤ የጠበበው ወገቤ ነው። መርፌውንም ያቆምኩት በዚያው ሰሞን ነው። ሐኪም አስቁሞኝ ነው እንጂ በራሴ አይደለም፣ ይሄን አደራ ስሙኝ። የ3 ወር አማካዩን የሚያሳየው የስኳር ምርመራዬ ወርዶ ሳየው ሚዛኑን አልጋ ሥር ወረወርኩት።

መዋሸት ግን አልፈልግም። ጓዳዬን ስፈትሽ እኔም ያላየሁት ነገር ነበር። ትንሹ ጨጓራ ክትፎውን ይመልሳል እንጂ ቆሎውን አይመልስም። ቲቪ ሳይ አንድ እፍኝ፣ እንግዳ ሲመጣ አንድ እፍኝ። ለቅሶ ቤት ሻይ 3 ማንኪያ ስኳር አለው፣ ብርዙም ሳይሰማ ይወርዳል። እነሱን ቀነስኩ። ምግብ ግን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ ነው ያልኩት! በፍስክ እንቁላልና ዓሣ፣ በጾም ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ከእንጀራው በፊት። ሐኪሟ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ብላኛለች፣ በጾም እሱን መሙላት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «ልጄ፣ መድኃኒት የሚውጥ ሰው በሰዓቱ ይብላ» አሉኝ፣ አለቀ። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም። ጠዋት ጠዋት 2 ባለ 2 ሊትር ውሃ ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ጡንቻ እንዲኖረኝ። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፣ ደም ምርመራውም እንደዚያው።

በ12ኛው ሳምንት ኪሎው ንቅንቅ አለ። ዛሬ 86 ነኝ፣ አሁንም ቆሟል፣ ከ2 ወር በላይ ሆነው። ሐኪሟ ምናልባት ማረፊያሽ ይሄ ነው ብላኛለች። ልጄ ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደውላ «እማ፣ ተነሽና ዙሪልኝ» አለችኝ። ዞርኩላት። ኪሎዬን አልጠየቀችኝም።

10 ደቂቃዬ አልቋል፣ አዘጋጁ ሰዓት እያሳየኝ ነው። ምርመራው ከጎን ባለው ክፍል ተጀምሯል። ምግብ ሳትቀምሱ የመጣችሁ ቅድሚያ አላችሁ። ሚዛኑ በሩ አጠገብ ነው፤ ስትወጡበት ግን ጋቢያችሁን አውልቁ።