ቅዳሜ በ1 ሰዓት

የተከበራችሁ የብስክሌት ማኅበራችን አባላት፣ ቤተሰቦቻችንና እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በቅናሽ ላከራዩን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶች፣ ወንበር ለደረደሩት ልጆች ምስጋናችን ይድረሳቸው። 40 ደቂቃ ዘግይተን በመጀመራችን ይቅርታ። የዘገየነው ሰው ስንጠብቅ ነው። የጠበቅነው ሰው እስካሁን አልመጣም። እንቀጥል።

የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ልናገር። ከመጋቢት እስከ ኅዳር፣ ዝናብ ካልከለከለን በቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ይዘን ወጥተናል። ሦስት እህቶች ብስክሌት መንዳት ተምረዋል። አንዷ 52 ዓመቷ ነው፤ አሁን እኔን ትቀድመኛለች። በሰኔ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው፣ የድሮ የጀልባ ቦይ የሚያልፍበት ፓው ፓው ዋሻ ደርሰን መጥተናል። ማንም አልተጎዳም። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን በወረቀት አባዝታዋለች፣ ውሰዱ።

ዋሻውን ግን እንዲሁ አላልፈውም። ርዝመቱ 950 ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ መብራት የለም። ባትሪ ግንባርህ ላይ አስረህ ብስክሌትህን እየገፋህ ነው የምታልፈው። በአንድ በኩል የጡብ ግድግዳ፣ በሌላ በኩል የቦዩ ጥቁር ውሃ። መሀል ላይ ስንደርስ አንዷ እህታችን እልልታዋን አቀለጠችው። ዋሻው ተቀብሎ ደጋገመው። ከኋላችን የነበሩ ፈረንጆች ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰርግ የመጣባቸው መስሏቸው ይሆናል። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ያን ቀን ስድስት ነበርን። ስድስት!

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ 140 ሰው አለ። ሐሙስ ማታ «ቅዳሜ ማን ይመጣል?» ብዬ ስጽፍ ሃያ ሠላሳ አውራ ጣት ይቆምልኛል። ቅዳሜ ጠዋት መነሻችን ኤድዋርድስ ፌሪ፣ ቦዩ ዳር ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ ሰባት ሰው አገኛለሁ። ፎቶ ስንለጥፍ ደግሞ «ጎበዞች!»፣ «በርቱ!»፣ «ሳልመጣ ቀረሁ፣ አይ እድሌ!» ይዘንባል። ወገኖቼ፣ በአውራ ጣት ፔዳል አይመታም።

ሰዓቱ ግራ አጋብቶን ነው ያላችሁም አላችሁ። እሱንስ እቀበላለሁ። «ቅዳሜ በ1 ሰዓት» ብዬ ጽፌ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ምሳውን በልቶ በአሜሪካ 1 ሰዓት ብቻውን መጥቶ ሲጠብቀን ዋለ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ሰዓት እጽፋለሁ። ልጁ እንኳ ተመልሶ መጥቷል። እናንተስ?

ሌላው ምክንያት የምንነዳበት የቦይ ዳር መንገድ ጠጠሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅነውም በሱ ነው። «ኮረኮንች ምን ያደርግልናል፣ አስፋልት እንውጣ፣ ፍጥነት እንለማመድ» የሚሉ አባላት አሉ። ለምን ከአስፋልት እንደወጣን የረሳን ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድማችንን መኪና ገፍቶት ክንዱ የተሰበረ ዕለት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመን የተነጋገርነውን አልረሳሁም። መኪና በሌለበት እንነዳለን አልን። በጠቅላላ ጉባኤ አጸደቅን። እጅ ካወጡት ግማሾቹ ዛሬ «ማን ወሰነው?» ይሉኛል።

ደግሞስ መኪና የማይታይበት መንገድ ከኛ በላይ ለማን ያስፈልገዋል? ከመሀላችን ስንቱ ነው ታክሲና ኡበር የሚነዳው? ስንቱ ነው ፓርኪንግ ሲሠራ ጭስ እየሳበ የሚውለው? ሳምንቱን በሙሉ መሪ ጨብጠን፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ተገትረን፣ ስኳርና ደም ግፊት ለቅመን ነው የምንገባው። ቅዳሜ ለብዙዎቻችሁ ጥሩ ገንዘብ የሚገኝበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ በየሳምንቱ ኑ አላልኩም። በወር አንዴ ነው ያልኩት።

እስኪ መንገዱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለው የቦይ ዳር መንገድ ከዋሽንግተን ዲሲ ጆርጅታውን ተነስቶ ኩምበርላንድ ሜሪላንድ ድረስ 184.5 ማይል ነው፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። በአንድ ጎን ፖቶማክ ወንዝ፣ በሌላው አሮጌው ቦይ። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። በበቅሎ ልክ የተሠራ መንገድ ለኛ ጉልበት አይበዛም። የቦዩ ሥራ በ1924 እ.ኤ.አ. ነው የቆመው። ዛሬ ግንዱ ላይ ኤሊዎች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከኤድዋርድስ ፌሪ ተነስታችሁ ወደ ላይ 11 ማይል ስትሄዱ ሞኖካሲ ድልድይ ትደርሳላችሁ። ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ቦዩን በወንዝ ላይ ለማሻገር የተሠራ። እዚያ ቁጭ ብለን ቆሎ እንበላለን። የመኪና ድምፅ የለም። ሰው ራሱን መስማት ይጀምራል።

ይህ መንገድ ለጥቂት የመኪና መንገድ ሊሆን ነበር። አንድ ትልቅ ጋዜጣ ሐሳቡን ደግፎ ጻፈ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊሊያም ዳግላስ በ1954 እ.ኤ.አ. «ኑና አብራችሁኝ በእግር ሂዱ፣ ከዚያ ጻፉ» ብለው አዘጋጆቹን ተገዳደሩ። ስምንት ቀን ተሄደ። ብዙ ሰው ጀምሮ ነበር፤ ሙሉውን በእግሩ የሄደው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ይህን ያነበብኩ ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ተጽናናሁ። ዘጠኝ ከሆኑ እኛ ሰባት ነን።

ከአስፋልት ወገን ለሆናችሁት አንድ እውነት አምናለሁ። በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ ጠጠር ላይ መሄድ ስቃይ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው ፍሬን ውስጥ ይገባል። መፍትሔው 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጎማ አስገብቶ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ነው። የናንተ ቸርኬ የማይቀበል ከሆነ ማኅበሩ አራት ብስክሌቶች አሉት፣ ተዋሱ። አራቱም ጋራዤ ውስጥ ተሰቅለው አቧራ ለብሰዋል። ባለቤቴ መኪናዋን ውጭ ማቆም ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። በዚህ ጉዳይ ጠቅላላ ጉባኤ የምትጠራው እሷ ነች።

አሁን ደግሞ አዲስ ሐሳብ መጥቷል። አራቱን ብስክሌቶች እንሽጥና ማልያ እናሠራ ይባላል። ባንዲራ ያለበት፣ ስማችን ከጀርባ የተጻፈ። የዘንድሮ መዋጮ ከግማሽ በታች ነው የተከፈለው። 60 ዶላር ነው በዓመት፤ አንድ ክትፎ ቤት አንድ ማታ የምንጨርሰው። ካልተከፈለው ላይ ማልያ፣ ከማልያው ላይ ፎቶ! ያ ማልያ ቅዳሜ ጠዋት የት ነው የሚለበሰው? ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡ። ብስክሌቶቹ ከተሸጡ በሚያዝያ ልትማር የተመዘገበችው እህት በምን ትማራለች?

ጥፋቴን ሳልናገር ብወርድ ነውር ነው። በነሐሴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ የለቀቅኩት የድምፅ መልእክት ተገቢ አልነበረም። ተናድጄ ነበር። «ብስክሌት የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ነገር ተጽፎ አይቼ ነው። በልጅነታችን አዲስ አበባ በሳንቲም ተከራይተን የነዳነውስ የማን ነበር? ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ የገባች ጊዜ፣ 1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን፣ ብስክሌተኞችም ይዛ ነው የሄደችው። ይህን በጨዋ ቋንቋ መናገር እችል ነበር። ይቅርታ።

መጨረሻ ላይ ዛሬም ላልመጣው መሥራች አባላችን አንድ ቃል አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ቪዲዮውን ማታ እንደሚያየው ግን አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ለማኅበሩ ስም ያወጣኸው አንተ ነህ። ደወል የሌለውን ብስክሌትህን እየነዳህ እግረኞቹን በአማርኛ «ዞር በሉ!» ያልካቸው ጊዜ ትዝ ይልሃል? ዞር አሉልህ እኮ። ደወል ገዝቼልሃለሁ፤ ሕጉም ግድ ይላል። ከተቀየምከኝ ሞኖካሲ ድረስ አብረን እንሂድና መንገድ ላይ ውቀሰኝ። መልስ አልሰጥም፣ ሁልጊዜም ከኋላህ ነኝ።

የሚቀጥለው ጉዞ ቅዳሜ ጠዋት በኛ 1 ሰዓት፣ በነሱ 7 ሰዓት። ኤድዋርድስ ፌሪ። ትርፍ ካላማዳሪያ ያላችሁ ያዙ። ሻይ በፔርሙስ እኔ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዣችን መድረኩን ይረከበኝ። የሚያነበው ዝርዝር ውስጥ ያልከፈላችሁ ስማችሁ አለ፤ ቡና ልትቀዱ አሁን እንዳትነሱ።