የመጀመሪያ ፖሊሽ ማሽን፣ ኪስ ሲሳሳ የቱን ልግዛ?

(ጠረጴዛ ላይ ሦስት ማሽን፣ ካሜራው ከላይ ወደ ታች)

እሺ ሰላም ናችሁ? ዛሬ በጣም ከምትጠይቁኝ ነገር አንዱን ይዤ ነው የመጣሁት፣ "መኪናዬን ራሴ ፖሊሽ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ኪሴ ግን ሳሳ ብሏል፣ የቱን ማሽን ልግዛ?" የምትሉትን። መልሱን እስከ መጨረሻ ይዤ አላጉላላችሁም፣ ዲኤ የሚባለውን ግዙ፣ ውዱንም ሳይሆን እጅግ ርካሹንም ሳይሆን መሀል ላይ ያለውን፣ ከዛ የተረፈችውን ገንዘብ ፓድ ላይ፣ ማለት ማሽኑ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ላይ፣ አውሏት። አለቀ። መሄድ የፈለገ ይሂድ። ለምን ዲኤ፣ ለምን ፓድ የሚል ካለ ደግሞ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ሱቅ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ሻጩ ከመደርደሪያው የሚያነሳላችሁ ሌላ ማሽን ነው፣ እኔም እሱን ገዝቼ ተቃጥዬ ነው ዛሬ አፌን ሞልቼ የማወራው።

ከማሽኑ በፊት ማሽኑ የሚያርፍበትን ነገር እንይ። የአሁኖቹ መኪኖች ብዙዎቹ ላሜራው ላይ ፕራይመር አለ፣ ከሱ በላይ ከለሩ፣ ከከለሩ በላይ ደግሞ ክሊር የምንለው ቀለም የሌለው ሽፋን። አይናችሁ ላይ የሚያብረቀርቀው እሱ ክሊሩ ነው፣ ውፍረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ይሄ ስንት ነው ላላችሁ፣ አንድ የፕሪንተር ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ የወረቀት ግማሽ ማለት ነው። የወረቀት ግማሽ! እና ፖሊሽ ማድረግ ማለት ብዙ ሰው እንደሚመስለው ጭረቱን በቅባት መሙላት አይደለም፣ ጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ትንሽ ትንሽ እየፋቁ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው። የተፋቀው አይመለስም። ከፀሐይ የሚከላከለው ነገርም እዛው ክሊር ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ በየሁለት ወሩ መኪናውን በኮምፓውንድ፣ ማለት በሚፍቀው ክሬም፣ የሚያሽ ሰው እየተንከባከበው ሳይሆን እየላጠው ነው።

ጭረት ስል ደግሞ ሁሉንም ጭረት አይደለም። ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አቋርጣችሁ ጎትቱት፣ ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው፣ ተዉት፣ እሱን በፖሊሽ አጠፋለሁ ብላችሁ ክሊሩን አትጨርሱ። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት ቀጫጭኖቹ፣ ስዊርል የሚባሉት፣ አቧራ በያዘ ጨርቅ ከመወልወል የሚመጡት፣ የኛ ሥራ እነሱ ናቸው።

(የመጀመሪያው ማሽን በእጅ)

ይሄ ሮታሪ ነው። እንደ እንዝርት አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይሾራል፣ ሌላ እንቅስቃሴ የለውም፣ በደቂቃ ከ600 እስከ 3000 ዙር አካባቢ። ይፍቃል፣ በደንብ ነው የሚፍቀው፣ ባለሙያ እጅ ላይ ሲሆን ሌላው ማሽን አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን በትንሽ ጊዜ ይጨርሰዋል። ብዙ ጊዜም ከሱቁ ርካሹ እሱ ነው፣ ለዚህ ነው የሚያነሱላችሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስትጫኑትም ስታዘነብሉትም አይቆምም፣ መሾሩን ይቀጥላል፣ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። በተለይ ጠርዝ ላይ። የኮፈኑ ጫፍ፣ የበሩ መታጠፊያ፣ ፓራፋንጎው ላይ ሹል ሆኖ የሚሄደው መስመር፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ክሊሩ ድሮም ሳሳ ይላል፣ ፓዱ ደግሞ በሰፊው ሳይሆን በጠባብ ነው የሚነካቸው፣ ስለዚህ ጉልበቱ በሙሉ እዛች ክር የምታህል ቦታ ላይ ያርፋል።

እኔ የመጀመሪያ ቀኔ ላይ የኋላ ፓራፋንጎው መስመር ላይ ሦስት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነው የጨረስኩት። አልተሰማኝም እኮ፣ ድምፁም አልተቀየረ፣ ዝም ብሎ ስወለውለው ነጣ ያለች ጣት የምታህል ነገር ብቅ አለች፣ ቆሻሻ መስሎኝ ደግሜ አሸኋት፣ ከዛ ሰፋች። ፕራይመር ነበር። የዛ ፓራፋንጎ ቀለም ሥራ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ነው የወጣብኝ፣ ስለዚህ ርካሹን ገዛሁ ማለት አልችልም።

ከዚህ ሌላ ሮታሪ ሳይቃጠል እንኳን ሆሎግራም የሚባል ነገር ይተዋል፣ ጥላ ውስጥ መኪናው መስታወት ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ስታወጡት ማሽኑ የሄደበት መንገድ እንደ ማዕበል ይታያል። ሮታሪ መጥፎ ነው አላልኩም፣ የመጀመሪያ ማሽን አይደለም ነው ያልኩት።

(ሁለተኛው ማሽን፣ ፓዱ ወደ ካሜራ ዞሮ)

ዲኤ ይሄ ነው፣ ዱዋል አክሽን፣ ስሙ ሁለት እንቅስቃሴ ማለት ነው። በእጃችሁ ሰም ስትቀቡ የምትሠሯት ትንሽ ክብ አለች አይደል፣ ማሽኑ እሷን ክብ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይሠራል፣ በዛው ላይ ፓዱ ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል። ፓዱን የሚያዞረው ግን ሞተሩ በቀጥታ አይደለም፣ ልቅ ነው፣ በእንቅስቃሴው ግፊት ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ በጣም ስትጫኑት ወይ ጠርዝ ላይ ስታዘነብሉት መዞሩን ያቆምና ይንቀጠቀጣል ብቻ። ጀማሪን የሚያድነው ይቺ ናት። በዲኤ ቀለም ማቃጠል አይቻልም የሚል ሰው ካለ አትስሙት፣ ይቻላል፣ ግን ብዙ ጥረት ይጠይቃል፣ ሮታሪው ግን ሳታስቡት ነው የሚሠራላችሁ። በጥርስ የሚነዳ፣ ፓዱን በግድ የሚያዞር የዲኤ አይነትም አለ፣ ጠንካራ ነው፣ እጅ ያደክማል፣ ለአሁን እለፉት።

ዲኤ ልትገዙ ስትሄዱ ካርቶኑ ላይ 8፣ 15፣ 21 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ ቁጥር ቅድም ያልኳችሁ ክብ ስፋት ነው። 21ዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ሰፊ ኮፈንና ጣሪያ ላይ ቶሎ ይጨርሳል፣ ግን ጎበጥ ያለ ቦታ ላይ ፓዱ ቶሎ ይቆምበታል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። 8ቱ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይታዘዛል፣ ሥራው ግን ይጎተታል፣ ወፍራምና ትልቅ ፓድ ካደረጋችሁበት ደግሞ አቅሙ አይችለውም፣ ቀጭን ፓድ ነው የሚፈልገው። እኔን ከጠየቃችሁኝ 15 ግዙ፣ 15 ካላገኛችሁ ወይ ገንዘቡ ካልደረሰ 8ቱም ሥራውን ይሠራል፣ ትዕግስት ብቻ ጨምሩበት። ፓዱን የሚይዘው ሰሌዳ ባለ 5 ኢንች ይሁን፣ ማለት 125 ሚሊሜትር፣ በሱ ላይ ትንሽ ሰፋ የሚል ፓድ ይገባል። 6 ኢንቹ ለጀማሪ ይበዛል፣ 3 ኢንቹ ለባምፐርና ለጠባብ ቦታ ጥሩ ነው ግን መኪናውን በሙሉ በሱ ልሥራ ካላችሁ ሳምንት ይፈጅባችኋል።

ዋት የሚለውን ብዙ አትመኑት። ርካሽ ማሽን ላይ ትልቅ ዋት መጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። እሱን ከማንበብ ማሽኑን ሶኬት ላይ አሰክታችሁ አስነሱት፣ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ከእጃችሁ ሊፈናጠር ነው? ከ1 እስከ 6 ያለው የፍጥነት ቁልፍ ስታዞሩት በእውነት ይቀየራል ወይስ 3ትም 6ትም አንድ አይነት ድምፅ ነው? 4 ላይ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙት፣ ጣታችሁ ከደነዘዘ አስቡት እሱን ማሽን አምስት ስድስት ሰዓት ልትይዙት ነው። ክብደቱም እንደዛው፣ 2 ኪሎ ተኩልና 3 ኪሎ ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ አይታይም፣ በሩ ላይ ጎን ለጎን ስትይዙት ማታ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ሰሌዳው የሚታሰርበት ቡሎን የተለመደ ልክ መሆኑንም ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሰሌዳው ያልቃል፣ በሙቀት ፓዱን የሚይዘው ቬልክሮ ይላላል፣ መለወጫው ካልተገኘ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ዕቃ መሆኑ ቀረ። ካርቦኑም፣ ሞተሩ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቀው፣ እንዲሁ፣ ከውጭ በመፍቻ ተከፍቶ የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል።

(ሦስተኛው፣ ትልቁ ማሽን)

ይሄኛው ደግሞ ክብ ትልቅ፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ ጸጉራም ኮፍያ የሚለብሰው፣ 240 ሚሊሜትር ገደማ። ዋጋው ያጓጓል። ግን ሰም መቀቢያ ነው፣ ጭረት አያነሳም፣ አቅም የለውም። ሰም ለመቀባት ደግሞ እጅ አላችሁ።

ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ስፖንጅስ የሚል አይጠፋም። ትራፓኖ ወደ ፊት ለመብሳት እንጂ ወደ ጎን ለመገፋት አልተሠራም፣ ኩሽኔታውን ትበሉታላችሁ፣ እጃችሁም ቀጥ አድርጎ አይይዘውም። ግራይንደር ላይ ፓድ ገጥሜ የምትሉ ደግሞ፣ በናታችሁ፣ እሱ በደቂቃ 11000 አካባቢ ነው የሚዞረው፣ ብረት መቁረጫ ነው፣ ቀለሙን ፖሊሽ አያደርገውም፣ ያነሳዋል። በአየር የሚሠራም አለ፣ ትልቅ ኮምፕሬሰር ይጠይቃል፣ ትንሿ ጎማ መንፊያ አትችለውም። ባለ ባትሪው ምቹ ነው፣ ገመድ የለ ምን የለ፣ ግን አንድ መኪና ለመጨረስ ሁለት ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል፣ በጀት ላይ ያለ ሰው ሶኬት አጠገቡ ካለ ባለ ገመዱን ይግዛ። ማራዘሚያ ገመዱ ብቻ ቀጭንና ረጅም አይሁን፣ ኃይል ይቀንስና ሞተሩ ይግላል።

አሁን ገንዘቡን እንከፋፍለው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያለውን በሙሉ ማሽን ላይ ያፈስና አንድ ስፖንጅና አንድ ጠርሙስ ኮምፓውንድ ይዞ ይገባል። ከኮፈኑ በኋላ ስፖንጁ በተፋቀ ክሊርና በደረቀ ኮምፓውንድ ይደፈናል፣ መፋቁን ያቆማል፣ ይግላል፣ ራሱ መልሶ ይጭራል፣ ከዛ "ማሽኑ አይረባም" ይላል። ማሽኑ ምን አደረገ? ቀለሙን የሚነካው እኮ ፓዱና ኮምፓውንዱ ነው፣ ማሽኑ የሚያንቀሳቅስ እጅ ነው። እኔ የያዝኩትን ገንዘብ ለሁለት ነው የምከፍለው፣ ግማሹ ማሽን፣ ግማሹ ሌላው ሁሉ፣ ማለት ጠንከር ያለ ፎም ፓድ ቢያንስ አራት፣ ለስላሳ ማጨረሻ ሁለት፣ አንድ ኮምፓውንድ፣ አንድ ቀጭን ፖሊሽ ማለት ከኮምፓውንዱ ለስለስ ብሎ የሚፍቅ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በዛ አድርጎ፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ እና ጥሩ ባትሪ መብራት ምክንያቱም ያላያችሁትን ጭረት አታነሱትም። የፓዱ ከለር ለየፋብሪካው ይለያያል፣ የአንዱ ብርቱካናማ የሌላው ላይሆን ይችላል፣ በከለር ሳይሆን ማሸጊያው ላይ ባለው ጽሑፍ ግዙ። የሱፍ ፓድ ለአሁን ይቆይላችሁ።

(ኮፈኑ ላይ፣ በቴፕ የተከለለ አራት ማዕዘን)

ማሽኑ ቤት ሲገባ መኪናው በደንብ ይታጠብ፣ እጃችሁን ስትዳብሱት የሚሻክር ነገር ካለ በክሌይ፣ ቆሻሻ በሚያነሳው ጭቃ መሳይ ነገር፣ ይነሳ፣ ይድረቅ፣ ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ላሜራው ይቀዝቅዝ። ጠርዞቹንና ጥቁር ፕላስቲኮቹን ቴፕ አድርጉ። ባምፐር ላይ ደግሞ ቀለል አድርጉ፣ ከስሩ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ላሜራ ሙቀቱን አያሰራጭም። መኪናው ድጋሚ የተቀባ ከሆነ፣ ከስሩ ስቱኮ ካለ፣ ክሊሩ ስንት እንደቀረ በአይን አይታወቅም፣ እዛ ቦታ ላይ በለስላሳው ፓድ ብቻ ሞክሩ።

በ50 በ50 ሳንቲሜትር ሥሩ፣ ከዛ አትስፉ። በመጀመሪያ በለስላሳው ፓድና በቀጭኑ ፖሊሽ፣ ስዊርሉ ከሄደ ለምን ኮምፓውንድ? ካልሄደ ነው አንድ ደረጃ ከፍ የምትሉት። አራት አምስት ጠብታ ፓዱ ላይ፣ ፍጥነቱን 1 አድርጋችሁ ቀቡት፣ ማሽኑ ቀለሙ ላይ ካረፈ በኋላ ነው የሚነሳው፣ አየር ላይ ካስነሳችሁት መነጽራችሁ ሁሉ ኮምፓውንድ ይሆናል። ከዛ 4 ወይ 5፣ ክንዳችሁ ቀስ ይበል፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር፣ ግማሽ በግማሽ እየደረባችሁ፣ አምስት ስድስት ዙር። ጥረጉ፣ በመብራት እዩ።

ፓዱ ላይ የመኪናው ከለር ከመጣ ሁለት ነገር ነው። መኪናው ክሊር የሌለው የድሮ ቀለም ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ከለሩ ራሱ ነው የሚፋቀው። ክሊር ያለው መኪና ከሆነ ግን ማሽኑን አጥፉ፣ ክሊሩ አልቋል።

አንድ ነገር ረስቼ። ከመጀመራችሁ በፊት ሰሌዳው ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ፣ እዩት እንዲህ። ስትሠሩ መስመሩ ሲዞር ይታያችኋል፣ ካቆመ ወይ በጣም ተጭናችኋል ወይ ማሽኑ ተንጋዷል፣ ለቀቅ አድርጉት ይነሳል። ገመዱን ደግሞ ትከሻችሁ ላይ ጣሉት፣ ኮፈኑ ላይ እየተጎተተ አዲስ ጭረት እንዳይሠራላችሁ። እሺ፣ ቴፑ ተለጥፏል፣ መብራቱን አብሩልኝ፣ ከኮፈኑ ግራ በኩል ልጀምር።